ስልኬ የት እንዳለሁ ለማን ይናገራል?

(በወሩ የእሁድ ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር)

ከቅዳሴ በቀጥታ የመጣችሁ፣ ገና እህል ያልቀመሳችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ብቻ ታገሱኝ።

ዛሬ እንድናገር የተሰጠኝ ስልካችን ላይ ስለሚመጣ ማስታወቂያ ነው። ሁሉም ማስታወቂያ ሳይሆን፣ የት እንዳለን አውቆ የሚመጣው። ባለፈው ስብሰባ ብዙዎቻችሁ ጠይቃችሁ ነበር። «እሁድ ዶውራ ስደርስ የገንዘብ መላኪያ ማስታወቂያ ይግተለተልብኛል፤ ሰኞ መዳም ቤት ስመለስ ደግሞ የሶፋና የመጋረጃ ይሆናል፤ ማን ነገረው?» ያለችም ነበረች። «ስልኩ ወሬያችንን ይሰማል» ያላችሁም አላችሁ። እኔ አስረኛ ክፍል ነው የጨረስኩት፣ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። ግን እዚሁ በምንማረው የስልክ ትምህርት ላይ ሦስት ወር ተቀምጬ ደብተሬ ሞልቷል፤ ያልገባኝን ደግሞ አስተማሪያችን እስክትሰለቸኝ ጠይቄያለሁ።

ስልኩ የት እንዳለን የሚያውቀው በአንድ መንገድ ብቻ አይደለም። አንዱ ከሳተላይት የሚመጣው ጂፒኤስ ነው። ሌላው ሲም ካርዱ የሚይዘው የኔትወርክ ምሰሶ ነው። ሌላው ዋይፋይ ነው፤ ስልኩ ባይገናኝባቸውም በአካባቢው ያሉትን የዋይፋይ ስሞች ያያል፣ የትኛው ዋይፋይ የትኛው ሰፈር እንዳለ ደግሞ ትልልቆቹ ኩባንያዎች አስቀድመው መዝግበውታል። ብሉቱዝም አለ። ከእነዚህ ሁሉ ሌላ ኢንተርኔት ውስጥ በገባን ቁጥር አይፒ አድራሻ የሚባል ቁጥር አብሮን ይሄዳል፤ እሱ በደንብ ባያነጣጥርም አገሩንና ከተማውን ይናገራል። ለዚህ ነው «ሎኬሽን አጥፍቻለሁ እኮ!» ያለችው ልጅ ማስታወቂያው ያልጠፋላት።

በፈረንጅ 2024 በጦርነቱ ምክንያት ጂፒኤሱ ሲረበሽ ታስታውሱ የለ? አሽረፍዬ ቁጭ ብለን ካርታው «ኤርፖርት ናችሁ» ይለን ነበር። «ስልኬ ጥሎኝ አገሩ ሊገባ ነው» እያልን ስቀናል። ማስታወቂያው ግን ኤርፖርት አልሄደም። የቤይሩት ማስታወቂያ እንደሆነ ቀጠለ፤ ሳተላይቱ ቢሳሳት ዋይፋዩና አይፒው አልተሳሳቱማ።

ይሄ የኔ ግምት አይደለም። ፌስቡክ ራሱ በዲሴምበር 2019 ለሁለት የአሜሪካ ሴናተሮች በጻፈው ደብዳቤ፣ ሰው ሎኬሽኑን ቢያጠፋም በአይፒ አድራሻና በመሳሰሉት ያለበትን ቦታ እየገመተ ማስታወቂያ እንደሚያሳየው አምኗል። ጉግል ደግሞ ሰዎች የሎኬሽን መዝገባቸውን ካጠፉ በኋላም ቦታቸውን በሌላ በኩል ሲመዘግብ ነበር ተብሎ በኖቬምበር 2022 ለ40 የአሜሪካ ግዛቶች 391.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

አሁን ማስታወቂያው እንዴት እንደሚሸጥ ልንገራችሁ፤ እኔን በጣም የገረመኝ እዚህ ላይ ነው። ደላላ ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ሁላችንም በደላላ እጅ አልፈን ነው እዚህ የደረስነው። ስልክ ውስጥም ደላላ አለ። አንቺ ጌም ወይም የፎቶ ማሳመሪያ አፕ ስትከፍቺ ማስታወቂያ የሚቀመጥበት ባዶ ቦታ አለ። ገጹ እስኪከፈት ባለችው ከአንድ ሴኮንድ ባነሰች ጊዜ ውስጥ ያ ባዶ ቦታ ለጨረታ ይቀርባል። «አንዲት ተጠቃሚ አለች፣ ስልኳ ሳምሰንግ፣ ቋንቋዋ አማርኛ፣ ያለችው ቡርጅ ሐሙድ፣ የማስታወቂያ ቁጥሯ ይሄ ነው፤ ማን ይገዛል?» እንደማለት ነው። ለብዙ ኩባንያዎች በአንድ ጊዜ ይላካል፤ ብዙ የከፈለው ማስታወቂያውን ያሳይሻል።

ያልገዙትስ? ያልገዙትም መረጃሽን አይተዋል። መክተብ ውስጥ ፎቶአችን ያለበት ፋይል እንዴት እንደሚዞር አስቡት። የምትወስደን አንድ መዳም ናት፤ ሳይወስዱን የሄዱት ሁሉ ግን ፊታችንን፣ ዕድሜያችንን፣ ኪሎአችንን፣ ማግባት አለማግባታችንን አይተዋል። አንዳንዱ ኩባንያ ጨረታው ላይ የሚቆመው ሊገዛ ሳይሆን ያየውን ሰብስቦ ለሌላ ሊሸጥ ነው። ሥራቸው ይሄ ብቻ የሆነ የመረጃ ደላሎች አሉ።

«ስሜን አይልኩም፣ ምን ቸገረኝ» የምትል አለች። እውነት ነው፣ ስም አይልኩም። የሚልኩት የማስታወቂያ መለያ የሚባል ረጅም ቁጥር ነው፣ እያንዳንዱ ስልክ የራሱ አለው። እኔ ታርጋ ነው የምለው። መኪና ላይ የባለቤቱ ስም አልተጻፈም፤ ግን ታርጋውን ይዞ ማታ ማታ የት እንደሚያድር፣ ጠዋት የት እንደሚቆም ያየ ሰው ባለቤቱን ለማወቅ ስም ይቸግረዋል?

የእኛ ታርጋ ደግሞ ከሌላው ሰው ይቀላል። የሌላው ሰው ስልክ ጠዋት ሥራ፣ ማታ ቤት፣ ከዚያ ካፌ፣ ከዚያ ዘመድ ቤት ይላል። የእኛ ስልክ ስድስት ቀን አንድ ፎቅ ላይ ነው፤ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ከዚያ ዶውራ፣ ከዚያ ተመልሶ እዚያው ፎቅ። ይህን መስመር ያየ ሰው የማን ስልክ እንደሆነ ብዙ አይጨነቅም። ከመዳም ቤት ወጥታ ከጓደኞቿ ጋር ተከራይታ ለምትኖረዋ ደግሞ ስልኩ የሚያድርበት ቦታ መኖሪያዋ ብቻ አይደለም፣ መደበቂያዋ ነው።

ሰው በያለበት ቦታ ተለይቶ ማስታወቂያ ሲላክበት ምን እንደሚመስል በአሜሪካ የሆነ ልንገራችሁ። አንድ የማስታወቂያ ድርጅት ሴቶች ፅንስ ለማቋረጥ የሚሄዱባቸውን ክሊኒኮች ካርታ ላይ አጠረ። ሴትየዋ ክሊኒኩ ውስጥ ተራ እየጠበቀች ሳለች ስልኳ ላይ ሐሳቧን እንድትለውጥ የሚገፋፋ ማስታወቂያ ይመጣባታል፤ ከወጣች በኋላም እስከ ሠላሳ ቀን ይከተላታል። የማሳቹሴትስ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በኤፕሪል 2017 ድርጅቱ በዚያ ግዛት እንዲህ እንዳያደርግ በስምምነት አስቆመችው። ስለ ፅንስ ማቋረጥ እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁ እምነት አላችሁ፣ እሱን አላነሳም። እኔ የማስበው ወንበሩ ላይ ስለተቀመጠችው ሴት ነው። ሐኪም ቤት መግባትሽን ለእናትሽ እንኳ ሳትናገሪ አንድ ሻጭ ያውቃል።

ሙስሊም እህቶቼም የምታውቁት አፕ አለ፣ ሙስሊም ፕሮ ይባላል። የሶላት ሰዓትና የቂብላ አቅጣጫ ለመንገር ሎኬሽን ይጠይቃል፤ መጠየቁም ያስፈልገዋል። በኖቬምበር 2020 ግን ጋዜጠኞች እንዳወጡት፣ ያ የሎኬሽን መረጃ ኤክስ ሞድ ለሚባል የመረጃ ደላላ ይደርስ ነበር፤ የደላላው ደንበኞች ውስጥ ደግሞ ለአሜሪካ ጦር የሚሠሩ ድርጅቶች ነበሩ። አፑ ወዲያው ከደላላው ጋር ያለውን ግንኙነት አቋረጥኩ አለ። በጃንዋሪ 2024 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ኤክስ ሞድ እንደ ሐኪም ቤትና የጸሎት ቤት ያሉ ቦታዎችን መረጃ እንዳይሸጥ ከለከለው። ሰው ለጸሎት የሰጠው ፈቃድ የት እንደደረሰ ተመልከቱ።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበው አደጋ የአሜሪካ ኩባንያ አይደለም፣ የመዳም ዋይፋይ ነው። ፈቅዳልኝ፣ ስሟን ሳልጠራ፣ የአንዲት እህታችንን ልንገራችሁ። መዳሟ የስምንት ወር ደሞዝ ይዛባታለች። ልጅቷ ሌሊት ሌሊት በቤቱ ዋይፋይ የአዲስ አበባ ቲኬት ዋጋ ታያለች፤ ልትገዛ ገንዘብ ኖሯት ሳይሆን ዋጋውን ለማወቅ ያህል። ሳምንት ሳይሞላ መዳም ቁርስ ላይ ስልኳን ይዛ «ይሄ የሐበሻ አገር ቲኬት እኔ ጋ ለምን ይመጣል? ልትሄጂ ነው እንዴ?» አለቻት። ፓስፖርቷ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከመሳቢያ ወጥቶ ካዝና ገባ።

ልጅቷ ለማንም አልተናገረችም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በአንድ ዋይፋይ የሚጠቀሙ ስልኮች፣ ላፕቶፑም፣ ሳሎን ያለው ቴሌቪዥንም፣ ወደ ውጭ የሚወጡት በአንድ አይፒ አድራሻ ነው። ማስታወቂያ ሻጮች ይህን እንደ አንድ ቤተሰብ ይቆጥሩታል፤ አንዷ የፈለገችው ለሌላዋ ሊታይ ይችላል። እኛን ቤተሰብ ያለን እሱ ብቻ ነው መሰለኝ። «ስልኩ ይሰማናል» ለምትሉትም መልሱ ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው። ጓደኛሽ ስለ ዊግ ስታወራ ብቻ አይደለም፣ ስልኳ ላይም ፈልጋለች፤ አንቺ ደግሞ አጠገቧ በአንድ ዋይፋይ ተቀምጠሻል። ወሬሽን መስማት ሳያስፈልገው አጠገቧ መሆንሽ ይበቃዋል።

ስለዚህ ስለ ደሞዝ፣ ስለ ወረቀት፣ ስለ ቆንስላ፣ ስለ ሌላ ሥራ፣ ስለ እርግዝናና ስለ ሐኪም የምትፈልጉትን በመዳም ዋይፋይ አትፈልጉ። ዳታ ውድ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን ለዩቲዩብና ለቲክቶክ ዋይፋዩን ተጠቀሙ፣ ለእንዲህ ያለው ነገር ትንሽ ዳታ አስቀሩ። ዳታ ከሌለሽ እሁድ እዚህ መጥተሽ በእኛ ዋይፋይ ፈልጊ። ኢንኮግኒቶ የሚባለው ጥቁሩ ገጽ ለዚህ አይረዳም፤ እሱ የሚያጠፋው ስልክሽ ላይ የሚቀረውን ታሪክ ነው፣ አይፒውን አይደብቅም።

ሌላው የማስጠነቅቃችሁ በአማርኛ የሚመጡትን ማስታወቂያዎች ነው። «ሊባኖስ ለምትኖሩ ኢትዮጵያውያን፣ ለካናዳ የሥራ ቪዛ ምዝገባ ተጀመረ፣ ቢሯችን ዶውራ» የሚለውን ሁላችሁም አይታችኋል። ብዙ ልጅ የሚያታልላት ካናዳ የሚለው አይደለም፤ «ሊባኖስ»፣ «ዶውራ» የሚለው ነው። እኛ አገር የሰፈርሽን ስም የጠራ ሰው እንግዳ አይደለም። «የእገሌ ሰፈር ልጅ አይደለሽም?» ካለሽ ግማሽ ዘመድ ሆነ ማለት ነው፤ ቡና ትጠጪያለሽ። ማስታወቂያ የሚያወጣ ሰው ግን ሰፈርሽን ለማወቅ ሰፈርሽን መርገጥ አያስፈልገውም። ካርታ ላይ ነጥብ ያስቀምጣል፣ ዙሪያውን በኪሎ ሜትር ይከብባል፣ ሴቶች ይላል፣ ዕድሜ ይመርጣል፣ ቋንቋ ይመርጣል፣ ካርዱን ከፍሎ ይተኛል። የትም አገር ተቀምጦ ይሄን ማድረግ ይችላል። ስለዚህ ሰፈራችንን ጠራ ማለት ያውቀናል ማለት አይደለም። ገንዘብ አስቀድሞ የሚጠይቅ ከሆነ ማስታወቂያውን ፎቶ አንስታችሁ ለእኛ ላኩልን፣ አብረን እናየዋለን።

አሁን ምን እናድርግ? ስልክ ጣሉ አልላችሁም። ስልክ ባይኖር ስንቶቻችን እንደምንታመም፣ እንደምንሞት ማን ያውቅ ነበር? መዝጋት የሚቻለውን መዝጋት ነው።

አንድሮይድ ያላችሁ ሴቲንግ ግቡ። ስልካችሁ በአማርኛ ከሆነ «ቅንብሮች» ይላል፤ መዳም የሰጠቻችሁ የዓረብኛ ስልክ ከሆነ «ኢዕዳዳት»። ከዚያ ጉግል፣ ከዚያ አድስ የሚለውን ፈልጉ፤ አንዳንዱ ስልክ ላይ ፕራይቬሲ የሚለው ውስጥ ነው ያለው። «ዲሊት አድቨርታይዚንግ አይዲ» ይላል። ያ ነው ታርጋውን መንቀል። አሮጌ ስልክ ላይ መሰረዝ የለም፣ መቀየርና ለማስታወቂያ አትጠቀሙበት ማለት ብቻ ነው ያለው፤ እሱንም አድርጉት። አይፎን ያላችሁ ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ፣ ከዚያ ትራኪንግ ግቡና አፖች እንዲጠይቁ የሚፈቅደውን አጥፉት። ማስታወቂያው አይቆምም፣ ይሄን ልወቅላችሁ፤ ቁጥሩ አይቀንስም። ግን ትናንት ያየውን ከዛሬው ማያያዝ ይከብደዋል።

ቀጥሎ ሎኬሽን የተፈቀደላቸውን አፖች ተመልከቱ። ሴቲንግ ውስጥ ሎኬሽን ስትሉ ዝርዝሩ ይመጣል፤ በዓረብኛው «መውቂዕ» ነው። ይሄን ስናደርግ ባለፈው አንዷ ስልክ ላይ ባትሪ፣ ከረሜላ የሚሰብረው ጌም፣ የፊት ማሳመሪያ ካሜራና የቀን መቁጠሪያ ሎኬሽን ተፈቅዶላቸው አገኘን። ባትሪ የት እንዳለሁ ምን ያደርግለታል? እነሱን ከልክሉ። ካርታና ታክሲ ያስፈልጋቸዋል፤ «ስጠቀምበት ብቻ» የሚለውን ስጧቸው። «ሁልጊዜ» የሚለውን ለማንም አትስጡ። የሶላት አፕና የአየር ሁኔታ ከተማውን ቢያውቁ ይበቃቸዋል፤ ትክክለኛ ቦታ የሚለውን፣ በእንግሊዝኛው ፕሪሳይስ የሚለውን አጥፉባቸው። የማትጠቀሙበትን አፕ ደግሞ ጭራሹን አውጡት፤ ማህደረ ትውስታውም ይቀላል።

ቪፒኤን ጫኑ የሚሉ ልጆች ቲክቶክ ላይ አሉ። በነጻ የሚሰጠውን ቪፒኤን በጥንቃቄ እዩት። ፌስቡክ ኦናቮ የሚባል ነጻ ቪፒኤን ነበረው፤ «መረጃችሁን ይጠብቃል» እየተባለ ሰዎች ጫኑት፣ እሱ ግን የሚያደርጉትን እየሰበሰበ ለፌስቡክ ንግድ ያቀርብ ነበር። የአውስትራሊያ ፍርድ ቤት በ2023 ለዚህ 20 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቀጥቷቸዋል። በር ጠባቂ ብለሽ ያስገባሽው ሌባ ሲሆን ማለት ነው። ዱባይና አቡዳቢ ያሉ እህቶቻችሁም ይሄን ሲያነቡ፣ እዚያ ቪፒኤንን ለጥፋት መጠቀም ከባድ ቅጣት እንዳለው አይርሱ።

አንድ ነገር ግን እንዳትሳሳቱብኝ። ሎኬሽን ራሱ ጠላት አይደለም። አዲስ ቤት ለጽዳት ስትሄዱ፣ ማታ ታክሲ ስትይዙ፣ ለአንዲት ለምታምኗት እህት በዋትስአፕ ላይቭ ሎኬሽን ላኩ፤ ስምንት ሰዓት ድረስ መላክ ይቻላል፣ ሲያልቅ ራሱ ይቆማል። አንቺ መርጠሽ ለአንድ ሰው የሰጠሽው ሌላ ነው፣ ሳታውቂ ገበያ የወጣው ሌላ ነው።

ከመዳም ቤት የወጣችን ልጅ የሚፈልግ ሰውም አብዛኛውን ጊዜ በማስታወቂያ በኩል አይደለም የሚያገኛት። ቲክቶክ ላይ መስኮቱ እየታየ በቀረጸችው፣ ጓደኛዋ ፌስቡክ ላይ ቦታ ጠቅሳ በለጠፈችው ፎቶ ነው። ወይም ደግሞ ስልኩ መዳም በከፈተችው የጉግል ወይም የአፕል አካውንት የሚሠራ ሆኖ ነው፤ በዚያ አካውንት የጠፋ ስልክ መፈለጊያ ተጠቅማ ስልኩ ያለበትን ካርታ ላይ ማየት ትችላለች። እንዲህ ያለ ስልክ ያላችሁ እዚሁ ተነስታችሁ አካውንቱን አታጥፉ። ድንገት ካጠፋችሁት ታውቃለች፣ ምን እንደምትል ደግሞ አስቡት። የእያንዳንዳችሁ ቤት የተለያየ ነው፤ ለየብቻ እናወራለን።

ቡናው ደርሷል መሰለኝ፣ ሽታው መጣ። አንድሮይድ ያላችሁ ከእኔ ጋር በመስኮቱ በኩል ሁኑ፣ አይፎን ያላችሁ አስተማሪያችን በሩ ጋ ትጠብቃችኋለች። የመዳም አካውንት የሆነባችሁ መጨረሻ ላይ ቆዩ፤ እስከዚያ የቤተሰብ ስልክ ቁጥሮችን ከስልካችሁ ወረቀት ላይ ገልብጡ፣ እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አለ። ፎቶዎቻችሁን የምናስቀምጥላችሁ ለየብቻ ስንገናኝ ነው።